ከቆቡ ሥር፦ ዓይንን ስለሚያረጥበውና ስለሚጠብቀው ስስ ሽፋን

ውድ ታዳሚዎች፣

ዓይን ውስጥ የገባ ጉድፍ ዞሮ ወደ ኋላ ይሄዳል ብለው የሚፈሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ወጣቶችም ሌንሱ ሸርተት ሲልባቸው ከዓይናቸው ኋላ የገባ ይመስላቸውና ይደነግጣሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን አይችልም፤ መንገዱ ዝግ ነው። የዘጋውም ኮንጃንክቲቫ የሚባለው ስስና ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ነው።

ሽፋኑ የሚጀምረው ከሽፋሽፍቱ ጀርባ፣ ከቆቡ ጠርዝ ነው። የቆቡን የውስጥ ገጽ ተጣብቆ ይለብሰዋል፤ ወደ ውስጥ ጥቂት ከገባ በኋላ ይታጠፍና በዓይኑ ነጭ ክፍል ላይ ተመልሶ እስከ ኮርኒያው ጠርዝ ይደርሳል፤ እዚያ ያበቃል። ኮርኒያ የምንለው ከጥቁሩ የዓይናችን ክፍል ፊት ያለውን፣ ብርሃን የሚያስገባውን ጥርት ያለ መስኮት ነው። የላይኛው እጥፋት ከኮርኒያው ጠርዝ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በጆሮ በኩል ያለው ደግሞ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጉድፍም ሆነ ሌንስ እስከዚያ ሊሄድ ይችላል፤ አያልፍም። ዛሬ የምንነጋገርባቸው ብዙዎቹ ችግሮች የሚሸሸጉትም እዚያው ነው።

መስታወት ፊት ቁሙና የታችኛውን ቆብ በጣት ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። ሮዝ መልክ ያለው፣ እርጥብ፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ቁልቁል የወረዱበት ገጽ ይታያችኋል። የጤና ባለሙያ ደም ማነስ ሲጠረጥር የሚያየው ይህንኑ ቦታ ነው፤ ከበላዩ ቆዳ ስለሌለበት የደሙ ቀለም በግልጽ ይነበባል። አሁን ቆቡን ሳትለቁ በነጩ ክፍል ላይ በቀስታ ወዲያና ወዲህ አንሸራትቱት። ላይ ላዩን ያሉት የደም ሥሮች አብረው ይንቀሳቀሳሉ። በቆቡ ላይ ጥብቅ የነበረው ሽፋን በነጩ ክፍል ላይ ሲደርስ የላላ ነውና። መላላቱ የግድ ነው፤ ጥብቅ ቢሆን ኖሮ ዓይናችንን ወደ ጎን ባዞርን ቁጥር ይገትተን ነበር።

ከዚህ መላላት የሚመጣ፣ ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ሰው ጠዋት ሲነሳ የዓይኑ ነጭ ክፍል ደም መስሎ ያገኘዋል። ሕመም የለውም፣ ዓይናር የለውም፣ እይታውም አልተነካም። ከሽፋኑ ሥር ያለች ቀጭን የደም ሥር በሳል፣ በማስነጠስ፣ ከባድ ነገር በማንሳት ወይም ዓይን በማሸት ፈንድታ ደሙ በላላው ቦታ ተሠራጭቶ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ትንሽ ቆይቶ፣ በራሱ ይመጠጣል። ጠብታ አይፈልግም። ደጋግሞ ከመጣ፣ ወይም ሰውየው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ የደም ግፊቱን መለካትና መመርመር ይገባል። ዓይኑ ተመትቶ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ወደ ማርጠቡ እንግባ። እንባን ስናለቅስ ብቻ የሚመጣ ውሃ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው። ዓይን ላይ ግን ሌሊትም ቀንም የተነጠፈ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሺኛ ብቻ የሚወፍር የእንባ ንጣፍ አለ። ይህ ንጣፍ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ ሦስቱም ከተለያየ ቦታ ይመጣሉ። ከላይ ያለው ቅባት የሚወጣው በቆቡ ጠርዝ፣ ከሽፋሽፍቱ ጀርባ ከተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ሲሆን ሥራው ውሃው እንዳይተን መክደን ነው። መካከል ያለው ውሃ የሚመጣው በብዛት ከዓይኑ በላይ በጆሮ በኩል ካለው ትልቁ የእንባ ዕጢ ነው፤ ቱቦዎቹ የሚከፈቱት በኮንጃንክቲቫው የላይኛ እጥፋት ላይ ነው። በራሱ በኮንጃንክቲቫው ውስጥም፣ ይበልጡን በላይኛው እጥፋት፣ በርካታ ትናንሽ የእንባ ዕጢዎች ተቀብረዋል። ዕለት ተዕለት ሳይቋረጥ ዓይንን በማራስ እነሱም ድርሻ አላቸው።

ሦስተኛው ብዙ የማይነገርለት፣ ግን ከሁሉ መሠረት የሆነው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ኮንጃንክቲቫው ውስጥ ጎብሌት የሚባሉ ሕዋሳት ተበትነው ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸው ሙሲን የተባለውን ንጥረ ነገር አጠራቅመው ይለቃሉ። ሙሲን ከውሃ ጋር ሲገናኝ ተልባ ውሃ ውስጥ ሲያድር እንደሚያወጣው ያለ ዝልግልግ ይሆናል። ጥቅሙም ሁለት ነው። የኮርኒያው የላይኛ ገጽ በተፈጥሮው ውሃ በቀላሉ የሚነጠፍበት አይደለም፤ ሙሲኑ ከሥር ሲለብሰው ነው ውሃው በእኩል የሚዘረጋው። ደግሞም ቆቡ በየደቂቃው 15 ጊዜ ያህል ዓይኑ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ሁለት ሥጋ እርስ በርሱ እንዳይፋቅ የሚያደርገው እሱ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ሲሞቱ እንባ ቢኖርም ዓይን ይደርቃል፤ ውሃው ያለ መያዣ ቦታ ቦታውን ይሰበሰብና ኮርኒያው መካከል ላይ ደረቅ ነጥቦች ይቀራሉ።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። በክሊኒክ ፍሎረሰን የተባለ ብርቱካናማ ቀለም ጠብ ይደረግና በሰማያዊ ብርሃን እየታየ ሰውየው ሳያርገበግብ እንዲቆይ ይጠየቃል። አረንጓዴው ንጣፍ ተሰንጥቆ የመጀመሪያው ጥቁር ቀዳዳ እስኪታይ ያለው ጊዜ ይቆጠራል። ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነ ንጣፉ አይጸናም ማለት ነው። የውሃውን መጠን ለመለካት ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የማጣሪያ ወረቀት የታችኛው ቆብ ላይ ትንጠለጠላለች፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ የራሰው ርዝመት ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ ድርቀት አለ። ሁለቱ ፈተናዎች የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። የወረቀቱ ፈተና ደህና ወጥቶ የቀለሙ ፈተና ወድቆ የሚገኝ ሰው ብዙ ነው። ችግሩ ከውሃው ሳይሆን ከቅባቱ ወይም ከሙሲኑ ነውና ሕክምናውም ይለያል።

ዓይኔ ያነባል የሚል ሰው ዓይንህ ደርቋል ሲባል ግራ ይገባዋል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ንጣፉ ሲሰነጠቅ የኮርኒያው ነርቮች ይቆጣሉ፤ ትልቁ የእንባ ዕጢ በድንገት ብዙ ውሃ ይለቃል። ይህ ድንገተኛ እንባ ውሃው ብቻ ስለሚበዛ አይቆይም፤ ጉንጭ ላይ ይወርድና ዓይኑ ተመልሶ ይደርቃል፣ ይቆረቁራል፣ ያቃጥላል። ነፋስ ላይ ወይም ጭስ ባለበት ማድ ቤት ሲሆን ይብሳል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቀኑን ሙሉ የቤት ማቀዝቀዣ ሥር የሚውሉ ወገኖቻችንም ይህን ቅሬታ ሲያሰሙ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቁ አየር ነው። ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ስናተኩር ደግሞ የምናርገበግበው ከወትሮው ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ብናርገበግብም ቆቡ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይመለሳል። በየ20 ደቂቃው ቀና ብሎ ራቅ ያለ ነገር ማየት፣ ከዚያም ሁለቱ ቆቦች በደንብ እስኪገጥሙ ድረስ በቀስታ ደጋግሞ መጨፈን ቀላል ሆኖ ሳለ የሚረዳ ነገር ነው። ቅባቱ ለረጋበት ሰው በሞቀ ውሃ የተነከረና የተጨመቀ ንጹሕ ጨርቅ በተጨፈነ ዓይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያም ቆቡን ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ ለስለስ አድርጎ ማሸት የተዘጋውን ዕጢ ይከፍታል። ኩልን ከሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ አስገብቶ መቀባት እነዚሁን የዕጢ አፎች ይደፍናል፤ አንዳንዱ ኩል ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራ ስለሆነ በተለይ ለሕፃን ዓይን ፈጽሞ መቅረብ የለበትም።

ስለ ጠብታ አደራረግ ትንሽ መቆየት አለብን፤ መድኃኒት በከንቱ የሚፈሰው እዚህ ላይ ነው። በዓይን ላይ ባንድ ጊዜ ያለው እንባ 7 ማይክሮ ሊትር ገደማ ነው፤ ማይክሮ ሊትር የአንድ ሚሊ ሊትር ሺኛ ነው። ቆቡና ዓይኑ መካከል ያለው ኪስ ተለጥጦም ከ30 ማይክሮ ሊትር ብዙም አይበልጥ። ከጠርሙስ የምትወርድ አንዲት ጠብታ ደግሞ ከ30 እስከ 50 ትሆናለች። ስለዚህ አንዷ ጠብታ ከበቂ በላይ ናት፤ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ጉንጭ ላይ ይወርዳሉ፣ የመጀመሪያዋንም ያጥቧታል። እጅን ታጥቦ ራስን ወደ ኋላ ማዘንበል፣ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጎ ኪስ መክፈት፣ ወደ ላይ እያዩ አንዷን ጠብታ እዚያ ኪስ ውስጥ ማድረግ ነው፤ የጠርሙሱ ጫፍ ሽፋሽፍቱንም ዓይኑንም መንካት የለበትም። ከዚያ ዓይንን ሳይጨምቁ መጨፈንና በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ጫን አድርጎ ሁለት ደቂቃ ያህል መቆየት። እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድበት ቀዳዳ እዚያ ስለሆነ ካልተያዘ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ ይሄዳል፤ ጠብታ ካደረጉ በኋላ አፍ የሚመረው ለዚህ ነው። ሌላ ዓይነት ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ቅባት ካለ መጨረሻ ይሆናል። የተከፈተ ጠርሙስ ከ4 ሳምንት በኋላ ይጣላል፤ በልዩ ሁኔታ የተሠሩት ጠርሙሶች ላይ የተጻፈው ግን ይከበር።

ሰው ሠራሽ እንባ የሚጠቀሙ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ ጠርሙሶች ባክቴሪያ እንዳያበቅሉ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የተባለ መከላከያ ይጨመርባቸዋል። በቀን አንድ ሁለቴ ከሆነ አይጎዳም። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ ለወራት ከተደረገ ግን እነዚያኑ የጎብሌት ሕዋሳት ይገድላል፤ ለድርቀት የተገዛው መድኃኒት ድርቀት ይጨምራል። እንዲህ አዘውትሮ ለሚያስፈልገው ሰው መከላከያ የሌለበትን መጠየቅ ይገባል። የዓይን መቅላት ያጠፋሉ ተብለው የሚሸጡ ጠብታዎችም አሉ። የሚሠሩት የደም ሥሩን በማጥበብ ነው፤ ኃይላቸው ሲያልቅ ሥሩ ከበፊቱ ይበልጥ ይሰፋል፣ ዓይኑም ይበልጥ ይቀላል፣ ሰውየውም ደግሞ ያደርጋል።

የጎብሌት ሕዋሳትን የሚያጠፋ ሌላው ምክንያት የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ዳፍንት ነው፤ ልጁ ሲመሽ ዕቃ ያደናቅፈዋል፣ ከሰው ጋር መጫወት ትቶ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ቀጥሎ ኮንጃንክቲቫው ወዙን ያጣል፤ በዓይኑ ነጭ ክፍል ላይ፣ በተለይ በጆሮ በኩል፣ ከኮርኒያው አጠገብ አረፋ የመሰለ ነጭ ነገር ይታያል፤ ሊጠርጉት ቢሞከር የላይኛው ይነሳል፣ በቀናት ውስጥ ይመለሳል። ይህን ያየ ሰው ልጁን ለነገ ሊያሳድረው አይገባም፤ ኮርኒያው በቀናት ውስጥ ቀልጦ ሊፈርስ ይችላል፣ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል። አንድ ዓመት ለሞላው ልጅ 200,000 ዩኒት ወዲያው፣ በማግስቱ እንደገና፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሦስተኛ ይሰጣል፤ ከ6 እስከ 11 ወር ለሆነው ግማሹ፣ ከዚያ በታች ለሆነው 50,000 ዩኒት ነው። ለመከላከል በየስድስት ወሩ የሚሰጠው እንክብል ይህን ለማስቀረት ነው፤ ከምግብ ጉበት፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ፓፓያና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ይጠቅማሉ።

መጠበቁስ? ኮንጃንክቲቫ ከውጭው ዓለም ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሥጋ ነው፤ አቧራ፣ ዝንብ፣ የገዛ እጃችን ይደርሱበታል። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ አይታመምም። እንባው ሳያቋርጥ ያጥበዋል። በእንባው ውስጥ ላይሶዛይም የተባለ፣ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርስ ንጥረ ነገር አለ፤ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1922 እ.ኤ.አ. ይህን ሲያስታውቅ ለሙከራው የሚሆን እንባ ያጠራቅም የነበረው ሰዎችን በሎሚ እያስነባ ነው። ላክቶፈሪን የተባለው ደግሞ ባክቴሪያ ለመራባት የሚፈልገውን ብረት ቀድሞ ይይዝበታል። በሽፋኑ ውስጥም የመከላከያ ሕዋሳት ሰፍረዋል፤ እነዚህ ሲበዙና ሲሰባሰቡ በቆቡ የውስጥ ገጽ ላይ ከፍ ከፍ ያሉ ነጫጭ እንክብሎች ሆነው ይታያሉ። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሙሲኑም ከጥበቃው አለበት። የገባውን ብናኝና ጀርም ይጠቀልልና ወደ ታችኛው እጥፋት፣ ከዚያም ወደ አፍንጫው ጥግ ይገፋዋል። ጠዋት ጥግ ላይ የምናገኘው ጥቂት ዓይናር ይኸው ነው፤ ጤነኛ ነገር ነው። ሲታመም ግን የዓይናሩ መልክ በሽታውን ይጠቁማል። ወፍራም፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ፣ ጠዋት ሁለቱን ቆቦች ያጣበቀ ከሆነ ባክቴሪያ ይጠረጠራል። እንደ ውሃ የሚፈስ፣ ከአንዱ ዓይን ጀምሮ በቀናት ውስጥ ወደ ሌላው የተሻገረ፣ ከጆሮ ፊት ለፊት ያለችውን ንፍፊት ያሳበጠ ከሆነ ቫይረስ ነው፤ የሽፋኑ ፈሳሽ የሚጣራው በዚያች ንፍፊት ነውና። ስትነካ ታማለች። ለዚህ አንቲባዮቲክ አያድንም፤ በአንድ ሁለት ሳምንት በራሱ ይለቃል። የሚያስፈልገው ፎጣና ትራስ መለየት፣ እጅ መታጠብ፣ ዓይን አለማሸት ነው። ሲሳብ እንደ ክር የሚጎተት ዓይናር ከኃይለኛ ማሳከክ ጋር ከመጣ ደግሞ አለርጂ ነው።

በአገራችን ልጆች፣ በተለይ ወንዶች፣ ዓመት ከዓመት ዓይናቸውን የሚያሹበት ከባድ አለርጂ አለ። የላይኛው ቆብ ሲገለበጥ ትልልቅ ጉብታዎች ተደርድረው ይታያሉ፤ እነዚህ ኮርኒያውን እየፋቁ ያቆስሉታል። እዚህ ላይ በጣም የሚያሳስበን ነገር አለ። ዴክሳሜታዞን ያለባቸው ስቴሮይድ ጠብታዎች ማሳከኩን በሁለት ቀን ጸጥ ያደርጉታል፤ ቤተሰብም ያለ ማዘዣ ደጋግሞ ይገዛል። ስቴሮይድ በሳምንታት ውስጥ የዓይን ግፊትን ሊያስነሳ ይችላል። ግፊቱ አያምም፣ አይቆረቁርም፤ የዓይኑን ነርቭ ዝም ብሎ ይገድላል። የሞተ ነርቭ አይመለስም። ከዚህም በላይ ሞራ ያመጣል፤ በሄርፐስ ቫይረስ የቆሰለን ኮርኒያ ደግሞ ያባብሳል። ሐኪም ሲያዝ ግፊቱን እየለካ፣ ቀን ወስኖ፣ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው። አሮጌ ጠርሙስ ይዞ ፋርማሲ ሄዶ ይህንኑ ስጡኝ ማለት ልጅን ማሳወር ሊሆን ይችላል፤ ይህን ስንል አጋንነን አይደለም።

ቀይ ዓይን ሁሉ የኮንጃንክቲቫ አይደለም። ሕመም ካለ፣ እይታ ከቀነሰ፣ ብርሃን ማየት ካስቸገረ፣ መቅላቱ በኮርኒያው ዙሪያ ከበረታ፣ ወይም ሰውየው ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ዓይን ሐኪም ነው። አራስ ሕፃን በተወለደ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ቆቡ አብጦ መግል ካፈሰሰ ከሁሉ ይቀድማል፤ በወሊድ ጊዜ ከእናት የሚተላለፈው የጨብጥ ባክቴሪያ ኮርኒያውን በአንድ ቀን ሊበሳው ይችላል። እንደተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ 1 በመቶ ቴትራሳይክሊን ቅባት በሁለቱም ዓይን የሚቀባው ለዚሁ ነው።

ጉድፍ ሲገባ ደግሞ የት እንደሚደበቅ ማወቅ ግማሽ ሕክምና ነው። በላይኛው ቆብ የውስጥ ገጽ፣ ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ በቆቡ ርዝመት የሚሄድ ጥልቀት የሌለው ቦይ አለ። የገለባ ስባሪ፣ የአሸዋ ቅንጣት፣ የብረት ፍቅፋቂ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ በተረገበገበ ቁጥር ኮርኒያውን ቁልቁል ይጭራል። ዓይን የቱንም ያህል ቢታጠብ አይወጣም፤ ቆቡ መገልበጥ አለበት። ታማሚው ወደ ታች ይመልከት፤ ጭንቅላቱን አያጎንብስ፣ ዓይኑን ብቻ ዝቅ ያድርግ። ሽፋሽፍቱን በሁለት ጣት ይዞ ወደ ታችና ወደ ፊት ሳብ ማድረግ፣ የጥጥ ዘንግ ከጠርዙ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በቆቡ ላይ አግድም ማሳረፍ፣ ዘንጉን ለስለስ አድርጎ ወደ ታች እየተጫኑ ሽፋሽፍቱን ወደ ላይ ማንሳት ነው። ቆቡ ይገለበጣል። ሽፋሽፍቱን ቅንድቡ ላይ በአውራ ጣት ይዞ ጉድፉን በራሰ ጥጥ መጥረግ። ሲጨርስ ታማሚው ወደ ላይ ይመልከት፤ ቆቡ በራሱ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ የማይሳካው ታማሚው ዓይኑን ወደ ታች አድርጎ ስለማይቆይ ነው። አንድ ነገር ይጠበቅ፦ ብረት በብረት ሲመታ ፈንጥሮ የገባ ከሆነ፣ ወይም ዓይኑ የተበሳ ከመሰለ፣ አይገልበጥ፣ አይጫን፤ በጠንካራ ከለላ ተሸፍኖ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

በግንባታ ቦታ የሚሠሩ ሰዎች ኖራና ሲሚንቶን ከአሲድ ያነሰ አደጋ ያለው አድርገው ያዩታል። የተገላቢጦሽ ነው። አሲድ ሥጋውን ያረጋውና ራሱ ይገታል፤ ኖራ ግን የሕዋሱን ቅባት እያሟሟ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ዱቄቱ ደግሞ በላይኛው እጥፋት ውስጥ ተሸጉጦ ሰዓታት ሙሉ ያቃጥላል። እንደደረሰ፣ መኪና እስኪመጣ ሳይጠበቅ፣ በተገኘው ንጹሕ ውሃ ከ30 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ሳያቋርጡ ማጠብ ነው፤ ቆቡን አንድ ሰው በግድ ከፍቶ ይያዝ፣ ሕመምተኛው በራሱ መክፈት አይችልምና። ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ ለማርከስ ተብሎ አይጨመር። ጤና ተቋም ሲደርስ ቆቡ ይገለበጥና እጥፋቱ በራሰ የጥጥ ዘንግ ዙሪያውን ይጠረጋል፤ ይህ ከተዘለለ እጥበቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በወረቀት ሲለካ የእንባው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ ወደ 7 ገደማ እስኪመለስ መታጠቡ ይቀጥላል። ከእንዲህ ያለ ቃጠሎ በኋላ ዓይኑ ቀይ ሳይሆን ነጭ ሆኖ ከታየ ደህና ነው ማለት እንዳይመስላችሁ፤ በኮርኒያው ዙሪያ ያሉት የደም ሥሮች ሞተዋል ማለት ነው፣ ከቀዩ የከፋ ነው። በኋላም ቆቡና ዓይኑ ተጣብቀው እጥፋቱ ሊጠፋ ይችላል።

አሁን ወደ እነዚያ ነጫጭ እንክብሎች እንመለስ። በብዙ አካባቢ ማዝ የሚባለው ትራኮማ የሚጀምረው በላይኛው ቆብ የውስጥ ገጽ ነው። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለው ባክቴሪያ በልጅ ፊት ላይ ባለ ንፍጥና ዓይናር፣ በጣት፣ በነጠላ ጫፍ፣ በዝንብም ይተላለፋል። ባለሙያ የልጁን ቆብ ገልብጦ መካከሉ ላይ 0.5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ አምስት ወይም የበለጡ እንክብሎች ካገኘ በሽታው አለ ይላል። ልጁ ብዙ ጊዜ ሕመም የለበትም፤ ለዚህ ነው ወላጅ የማያመጣው። ኢትዮጵያ በዓለም ከፍተኛውን የትራኮማ ሸክም ከተሸከሙ አገሮች ግንባር ቀደም ናት። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ልጆች 40 በመቶ ያህሉ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ፣ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር።

አንድ ጊዜ መያዝ ዓይን አያጠፋም። የሚያጠፋው ድግግሞሹ ነው። ሽፋኑ ሲቆጣና ሲድን፣ ሲቆጣና ሲድን ጠባሳ ይሠራል፤ በቆቡ የውስጥ ገጽ ላይ ነጫጭ መስመሮች ይታያሉ። ጠባሳ ይኮማተራል። የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ ሽፋሽፍቱም ይቀለበስና ኮርኒያውን መፋቅ ይጀምራል። በጠባሳው ቦታ የጎብሌት ሕዋሳት የሉም፣ ትናንሾቹ የእንባ ዕጢዎችም ታንቀዋል። ስለዚህ ፀጉሩ የሚፍቀው ደረቅ ዓይንን ነው። ኮርኒያው በዚህ ሳቢያ ይቆስላል፣ ይመረቅዛል፣ በመጨረሻም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች የሚታወሩት ከልጆች ጋር ስለሚውሉና ዕድሜ ልካቸውን ደጋግመው ስለሚያዙ ነው።

መድኃኒቱ አዚትሮማይሲን ነው፤ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም፣ ለአዋቂ እስከ 1 ግራም፣ በአንድ ጊዜ ይዋጣል። በዘመቻ ጊዜ ልጆች በሚዛን ፋንታ በቁመት መለኪያ ዘንግ የሚለኩት መጠኑን በፍጥነት ለማወቅ ነው። ከ6 ወር በታች ላሉት ቴትራሳይክሊን ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ ለ6 ሳምንት ይቀባል። መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፤ ማኅበረሰቡ በአንድነት ካልዋጠ፣ የልጆች ፊት በየቀኑ ካልታጠበ፣ ዝንቧ የምትራባበት ሜዳ ላይ የተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ካልቀረ በወራት ውስጥ ይመለሳል። ፊት ለማጠብ ብዙ ውሃ አያስፈልግም፤ አንድ ስኒ ውሃ የአንድን ሕፃን ዓይናርና ንፍጥ ያነሳል።

ፀጉሩ የተቀለበሰባቸው እናቶች ወረንጦ በአንገታቸው አንጠልጥለው ይኖራሉ። መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል፤ ፀጉሩ ግን በሳምንታት ውስጥ ያድጋል፣ አጭርና ቆራጣ ሆኖ ሲበቅል ከረጅሙ ይልቅ ይወጋል። ቀዶ ሕክምናው ቆቡ ብቻ ደንዝዞ የሚሠራ ነው፤ ጠርዙ ተቆርጦ ወደ ውጭ ይዞርና ይሰፋል። በአገራችን በየጤና ጣቢያው ይህን የሚሠሩት ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው፤ ታማሚዋም በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። በማግስቱ ፋሻው ይነሳል፣ ክሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይወጣል። ከተሠራላቸው መካከል ጥቂት የማይባሉት በዓመት ውስጥ ፀጉሩ ይመለስባቸዋል፤ ስለዚህ ክር ከወጣ በኋላም ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ቆቡ እንደገና መታየት አለበት። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለታማሚዋ ግልጽ ሊነገራት የሚገባው ይህ ነው፦ ፍቀቱ ይቆማል፣ ሕመሙ ይቀላል፤ በኮርኒያው ላይ ያለው ነጭ ጠባሳ ግን አይነሳም፣ የጠፉት የጎብሌት ሕዋሳትም አይመለሱም። የዓይን ማራሻ ጠብታው ይቀጥላል፤ ማድ ቤቷም ጭሱ የሚወጣበት መስኮት ያስፈልገዋል።